ሦስተኛው ፒስተን

ሰው ሁሉ «ጆሮ» ብሎ ይጠራኛል። ስሜ አይደለም፤ ስሜን የሚያውቁት ባለቤቴና መታወቂያዬ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሞተር ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። ያገለገለ ሞተር ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ እኔም ቀይ ጎማዬን ይዤ አብሬው እሄዳለሁ። ጎማው አንድ ሜትር የሚሆን የቤንዚን ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ውስጥ እሰካለሁ፣ ሌላውን ጫፍ በሚሠራው ሞተር ላይ ከቦታ ቦታ እያዞርኩ አዳምጣለሁ። ከዚያ «ግዛ» ወይም «ተው» እላለሁ። ከዚህ ሌላ አልናገርም፤ አላብራራም፣ አልከራከርም። ሻጮች ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸው ይጠቁራል። ያንን እወደው ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

እንግዲህ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ከዓምና ጀምሮ አልሰማም።

ጭራሽ አይደለም። ሰው ፊት ለፊቴ ሆኖ ጮክ ብሎ ከተናገረ ከድምፁም ከከንፈሩም አቀናጅቼ እይዛለሁ። ስልክ አልችልም። ወፍ የሚባል ነገር ከምድር የጠፋ ነው የሚመስለኝ። ጎማዬን ሰክቼ ሞተር ላይ ሳደርገው የሚሰማኝ ደግሞ በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ የሚያልፍ ነፋስ የመሰለ ነገር ብቻ ነው። ሐኪሙ ጆሮ ውስጥ ትንንሽ አጥንቶች እንዳሉ፣ የእኔዎቹ ደርቀው መንቀሳቀስ እንዳቆሙ ነገረኝ። «ግሪስ አይገባላቸውም?» አልኩት። ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

ይህን የምታውቅ ባለቤቴ ብቻ ናት። እሷም ያወቀችው ሬዲዮ አስከፍቼ ሳበቃ «ክፈቺው እንጂ» ስላልኳት ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተር አዳምጥልን ብሎ ለመጣ ሰው ሁሉ ወገቤን አሞኛል እላለሁ። ስድስት ሰው መለስኩ። ወገቤ እንደሱ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አልጋ ላይ ቀርቼ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእህቴ ልጅ ሁለት ትኩስ ዳቦ በብብቱ ይዞ መጣ። ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ጠዋት በመኪና ለየሱቁ ያከፋፍላል። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ለእኔ ግን አሁንም መሪ ያስያዝኩት ልጅ ነው። ሌላ ሱስ የለበትም፤ አንድ ትንሽ አሮጌ መኪና አለችው፣ እሷን ለዳገት ውድድር ሊያደርሳት አራት ዓመት ሲያጠራቅም ኖሯል። ሞተር ብስክሌቱን እንኳ የሸጠው ለዚሁ ነው።

«አጎቴ፣ አገኘሁልህ!» አለ ገና ሳይቀመጥ። ድምፁ ጎላ ያለ ስለሆነ ከእሱ ጋር አልቸገርም። «ቱርቦ ነው፣ አራት ፒስተን። ወርዶ እንደ አዲስ የተሠራ። ስምንት ወር ነው የፈጀው።»

«ማነው የሠራው?»

«አንዲት ሴት ናት። ራሷ አፍርሳ ራሷ ገጥማዋለች። ሌላ ገዢም ነበራት፤ ግን ምን አለችኝ መሰለህ? አጎቴ ማን እንደሆነ ስነግራት፣ "እሳቸው መጥተው ካልሰሙት ለማንም አልሸጥም" አለች።»

ባለቤቴ ዳቦውን እየቆረጠች ቀና አለች። «ወገብህስ?» አለችኝ።

«ተሽሎኛል» አልኩ።

ልጁ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ከፊቴ መጥታ ቆመች። «ንገረው።»

«ምኑን?»

«አሁን ያልሰማኸኝ ነው ወይስ ያልሰማህ መስለህ ነው?»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። በዚህስ እስካሁን የሚደርስብኝ የለም። ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን ሲመለስ እጁን በሱሪው እያደረቀ እንዲህ ሲያየኝ፣ መላው ዓለም ቢዋሽ አጎቴ ያድነኛል በሚል ዓይን ሲያየኝ፣ ነገሩን ተውኩት። ጎማዬን ከምስማሩ ላይ አውርጄ ተከተልኩት።

የሴትየዋ ጋራዥ ከሱቆች ጀርባ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ የሚገባበት ክፍል ነበር። ከበሩ ላይ ቆሜ ትንሽ አየሁት። ብዙ ጋራዥ አይቻለሁ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ሊነጠፍበት የሚችል ግን አላየሁም። ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ መፍቻ ቁልፍ ቅርጽ በቀለም ተስሏል፤ ቁልፉ ሲወርድ ጥላው ይቀራል። ከሁሉም ጠርዝ ላይ አንድ ረጅም ካቻቢቴ ተሰቅሏል፤ የእንጨት እጀታው ዙሪያውን በጥርስ የተነከሰ። ዕቃ የሚያኝክ ሠራተኛ አልወድም። ይህን አንድ እንከን አግኝቼ በውስጤ ደስ አለኝ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እንድታውቁት ነው።

ሞተሩ መሃል ላይ በብረት መቆሚያ ታስሮ ተቀምጧል። ራዲያተሩ፣ ባትሪው፣ የቤንዚን ጄሪካኑ ሁሉ ተገጥሞለት፣ መኪና ላይ ሳይወጣ እዚያው እንዲነሳ ተደርጓል። አልተቀባም። ብረቱ ታጥቦ እንዳለ ነው የቀረበው፤ ይሄ ደስ ይላል፣ ቀለም የሚቀባ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ!» አለች ሴትየዋ፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች። ጮክ ብላ ነው የምታወራው። ወዲያው አወቅኋት።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እኔ ጋራዥ ሠርታለች። ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። «ደብተር» እያልኩ ነበር የምጠራት፣ ምክንያቱም ሁሉን ነገር ትጽፍ ነበር። ስንት ብሎን እንደፈታች፣ የትኛው ከየት እንደወጣ፣ ስንት መቶኛ ሚሊ እንደተበላ። «እኔ በጆሮዬ የምለየውን አንቺ በወረቀት ትፈልጊያለሽ?» እያልኩ እስቅባት ነበር፤ ሌሎቹም አብረውኝ ይስቁ ነበር። ስጠራት አንዳንዴ አትመልስም። ስትመልስ ትጮሃለች። እኔ ንቀት መሰለኝ፤ ያኔ ደግሞ እንኳን ንቀት ንፋስም ሲነካኝ ደሜ ይፈላ ነበር።

አንድ ቀን የደንበኛ ሞተር አስነስታ ነዳጅ ስትሰጠው ከኋላዋ ቆሜ ከውስጥ የሚያንኳኳ ነገር ሰማሁ። «አጥፊው!» አልኳት። አልዞረችም። «አጥፊው! አጥፊው አላልኩሽም?» ሦስት ጊዜ ጮህኩ፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ እጇን ከነዳጁ ላይ አላነሳችም። ከዚያ ውስጡ ያለው ብረት ተሰብሮ የሞተሩን ሆድ በስቶ ወጣ። በዚያው ቀን አባረርኳት። ሰው ሁሉ እየሰማ «አንቺ ጆሮ የለሽም፣ ሂጂ ጸሐፊ ሁኚ» አልኳት። ደብተሯን ይዛ ሄደች።

አሁን ያው ደብተር፣ ማለቴ የልጅ ልጁ፣ ሞተሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«መጀመሪያ ይንኩት» አለችኝ።

ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ ጠዋት ድንጋይ። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሻጭ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተር ካሞቀ የሚደብቀው ድምፅ አለ ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ ሞቆ የጠበቀኝን ሞተር ሳልሰማው ነው የምሄደው። ይህን አለመርሳቷ አስደሰተኝም አሳፈረኝም።

«ጋሼ፣ ስንት ሞተር ሠርቻለሁ፣ የውድድር ሞተር ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። «ልኩን ሁሉ ለክቼዋለሁ። ግን በእርስዎ ጆሮ ካላለፈ ተሠራ አልልም።»

ይህን ያለችው እየሸነገለች ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አልነበረም። የምሯን ነበር።

አስነሳችው። ወዲያው ያዘ። ይሄን ወለሉ እግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ነው ያወቅሁት። የእህቴ ልጅ እጆቹን ብብቱ ሥር ከቶ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። እኔም ጎማዬን ሰካሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ከአንደኛው ፒስተን ጀመርኩ።

ነፋስ። ሁለተኛው ላይ፣ ነፋስ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ የቱርቦው አንገት ላይ፣ ከታች ዘይቱ ባለበት፤ ነፋስ ብቻ። በአርባ ዓመት ሙያ ላይ ቆሜ ጠርሙስ እያዳመጥኩ ነበር። ላብ አጠመቀኝ።

ዓይኔን እንደጨፈንኩ አሰብኩ። «ግዛ» ብዬ ሞተሩ ዳገት ላይ ቢፈነዳ የልጁ አራት ዓመት አብሮ ይፈነዳል፤ የእኔም ስም። «ተው» ብል ግን ሳይገዛ የቀረው ሞተር ደህና ይሁን አይሁን ማን ሄዶ ያጣራል? ማንም። አይሰማም የሚለኝ አይኖር፣ እንዲያውም «ጆሮ እኮ ነው፣ ሌላ ሰው ያልሰማውን ሰማ» ይባልልኛል። ቀና አልኩ፣ ጎማዬን ነቀልኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ተናገርኩ።

«ሦስተኛው ላይ ነገር አለ። ተው።»

ለምን ሦስተኛው እንዳልኩ አትጠይቁኝ። አንደኛና አራተኛ ዳር ናቸው፣ ዳር የሆነ ነገር ውሸት ይመስላል። ሦስተኛው የሚታመን ቁጥር ነው።

የልጁ ትከሻ ወረደ። ሴትየዋ ግን ያልጠበቅሁትን አደረገች። ትከራከራለች፣ ደብተሯን ታነብልኛለች፣ «ምን ዓይነት ድምፅ?» ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሞተሩን አጠፋች። ደብተሩን አገላብጣ የሦስተኛውን ገጽ በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበች።

«ልኩ ልክ ነው» አለች። «ግን እርስዎ ከሰሙት አለ።» ወደ እህቴ ልጅ ዞረች። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ። ይሄን ሞተር አልሸጥልህም። ከፍቼ እስካገኘው ድረስ ለማንም አልሸጠውም።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ዘይቱ መፍሰስ አለበት፣ ላዩ መነሳት አለበት፣ ሦስተኛው መውጣት አለበት። እንደ አዲስ ነው። ሁለት ወር ብትል ነው።»

«ውድድሩ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አለ ልጁ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «እንግዲህ ያንን ሰውዬ ልጥራው። አጎቴ፣ ትዝ ይልሃል የነገርኩህ? ያ በቀይ ቀለም የተቀባው ሞተር። አላስነሳም ስላለኝ ትቼው ነበር። ምን ላድርግ።» ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ መተላለፊያው ወጣ።

ሴትየዋ ነጭ ሳፋ አምጥታ ከሞተሩ ሥር አስቀመጠች። ቁልፍ ከግድግዳው ላይ አወረደች። በርከክ ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ የዘይቱን ብሎን መፍታት ጀመረች። ዘይቱ ወረደ፤ ማር የመሰለ፣ ቁልጭ ያለ፣ ገና ምንም ያልነካው ዘይት። የስምንት ወር ሥራዋን በእኔ አንድ ቃል ልታፈርስ ነው። ያኛው ደግሞ እደጅ ቆሞ በቀለም የተለበጠ አሮጌ ብረት እየገዛ ነው። ሁለቱም እኔን አምነው።

እዚያው ቆሜ ከአፌ ወጣ።

«አልሰማሁም» አልኩ።

ቁልፉን ታዞራለች።

«ሦስተኛው ላይ ምንም አልሰማሁም። የትኛውም ላይ ምንም አልሰማሁም። ደንቁሬያለሁ።»

አልዞረችም። እኔ በሕይወቴ ከባዱን ቃል አውጥቼ እሷ ጀርባዋን ትሰጠኛለች! ደሜ ፈላ። «አንቺን እኮ ነው የማናግረው!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እሷ ግን በእጇ ሁለተኛውን ብሎን እየዳሰሰች ነው። ያ ጀርባ። ያ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሦስት ጊዜ «አጥፊው» ያልኩት፣ ያልዞረው፣ ያባረርኩት ጀርባ።

ቁጣዬ እንዳለ ተኖ ጠፋ። ዞሬ ከፊቷ ሄድኩና ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ሲንቋቋ በአጥንቴ ተሰማኝ። ቀና ስትል ዓይኖቿ ዓይኔ ላይ አላረፉም። አፌ ላይ ነበሩ። እኔም ሰው ሲያናግረኝ የማየው እዚያው ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጆሮሽ።»

ቁልፉን አስቀመጠች። ለመካድ አልሞከረችም። «ከልጅነቴ። በስድስት ዓመቴ ሁለቱም መግል ይዘው ተበላሹ። ከፊት ለፊት ጮክ ተብሎ ሲወራ እሰማለሁ። ከኋላ አልሰማም።»

«ያን ቀንስ?»

የትኛውን ቀን አላለችም። «"አጥፊው" ብለውኝ ነበር አሉ። ከሄድኩ በኋላ አንዱ ነገረኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ያቆዩኝ ነበር?»

አዎ ብላት ደስ ባለኝ። አየችኝ፤ አፌን እየጠበቀች። «አላቆይሽም ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ቂም የለበትም፤ እንደ አንድ የተለካ ልክ ነው የተናገረችው። ይቅርታ ለማለት ስሞክር ቃሉ አልመጣ ብሎኝ የመጣውን ተናገርኩ።

«እኔም ከዓምና ጀምሮ አልሰማም። ሦስተኛው ያልኩሽ ውሸት ነው። ስሜን ፈርቼ ነው።»

ፊቷ ቀስ ብሎ ተለወጠ። ሳፋውን አየች፣ ዘይቱን አየች፣ እኔን አየች። «አምኜዎት ነበር እኮ» አለች። ይህን ጮክ ብላ አላለችውም፤ ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሃል የእህቴ ልጅ ስልኩን ወደ ኪሱ እየመለሰ ገባ። «ሰውየው ዛሬውኑ ና ብሎኛል። ቀብድ ይዤ ልሂድ፣ አጎቴ፣ አንተ ቤትህ ግባ።» ከዚያ ሁለታችንም መሬት ላይ ተንበርክከን ሲያየን ቆመ። «ምን ጠፋባችሁ?»

ለእሱም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልዴን ስለሚያውቀው። ሳልስቅ ስቀር ፊቱ እንዳለ ረገፈ።

«ታዲያ ለምን "ተው" አልከኝ? "አላውቅም" ማለት አትችልም ነበር?»

«ማለት ነበረብኝ።»

«ሌላው ይቅር፣ እኔን?» አለና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ካለ አልሰማሁትም። ባልሰማውም ይገባኝ ነበር።

ሴትየዋ ተነስታ ዘይቱ የፈሰሰበትን ቀዳዳ በብሎኑ መልሳ ዘጋች። ሳፋውን አንስታ ዘይቱን በንጹሕ ወንፊት እያጠለለች መለሰችው፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዳ ያንን ረጅም ካቻቢቴ አወረደችና እጀታውን በንጹሕ ጨርቅ ጠረገችው።

«ጥርስዎ የራስዎ ነው?» አለችኝ።

«አብዛኛው።»

«ይበቃል። እጀታውን ይንከሱ። አጥብቀው። ከንፈርዎን ይክፈቱት፣ ጥርስዎ ብቻ ይያዘው።»

«ካቻቢቴ ለብሎን ነው» አልኩ። ሃምሳ ሠራተኛ ፊት ስንት ጊዜ ያልኩት ነገር ነው፤ ከአፌ ያመለጠኝ ሳላስበው ነው።

«እኔ ግን አሥራ አምስት ዓመት የሰማሁበት ነው» አለች።

ነከስኩት። የእኔ ጥርሶች እሷ በሠራቻቸው ጉድጓዶች ውስጥ ገቡ። ሞተሩን አስነሳች፣ ክንዴን ይዛ የካቻቢቴውን ጫፍ አንደኛው ፒስተን አጠገብ አሳረፈችው።

ገባ። በጆሮዬ በኩል አይደለም። በጥርሴ ገብቶ፣ በመንጋጋዬ ወጥቶ፣ ጭንቅላቴ መሃል ላይ ተቀመጠ። ዓመት ሙሉ ያጣሁት ድምፅ፣ ያውም ያኔ በጎማ ስሰማው ከነበረው የቀረበ። ፒስተኑ ሲወጣ ሲወርድ፣ ቫልቮቹ ሲከደኑ፣ ዘይቱ በየቦታው ሲደርስ፣ ሁሉም በየተራው። እንባዬ መጣ፤ ካቻቢቴ የነከሰ ሽማግሌ ሲያለቅስ እንዴት እንደሚያስቅ አውቃለሁ፣ ግን አልተውኩትም። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጫፉን ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ጊዜ አቆየሁት፤ የዋሸሁበትን ያህል ልሰማው ፈለግሁ። አንዲት ኮሽታ የለችም። አራተኛውም፣ የቱርቦው አንገትም፣ ሥሩም እንዲሁ። ይሄን ሞተር እኔ በደህናው ዘመኔ እንዲህ አድርጌ አልገጥመውም ነበር።

«ግዛ» አልኩ። አፌ ሙሉ ስለነበር ምን እንደወጣኝ እንጃ። ካቻቢቴውን አወጣሁና ደገምኩት። «ግዛ።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለ የእህቴ ልጅ።

አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ቢለኝ ኖሮ ጎማዬን ጠቅልዬ እሄድ ነበር። ካቻቢቴውን ዘረጋሁለት። «ና፣ ራስህ ንከሰውና ስማ። ከእንግዲህ እኔን አትመን፤ እኔ የምፈልገው ድምፅ ምን እንደሆነ አሳይሃለሁ።»

እጀታውን በእጅጌው ጠረገ፤ ምን ያድርግ፣ ምራቄ ነው። ነከሰ። ክንዱን ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ ወሰድኩት። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ከዚያ ቅንድቦቹ ቀስ ብለው ወደ ላይ ሄዱ፣ ትንሽ ቆይቶም ካቻቢቴውን ሳይለቅ ፈገግ አለ። ይቅር አላለኝም፤ ያ ገና ነው። ግን ስልኩን አወጣና ለባለ ቀዩ ሞተር ሰውዬ እንደማይመጣ ነገረው።

ዋጋው ላይ ብዙ አልተነጋገሩም። እሷ ያለችውን እሱ ተቀበለ። ሰኞ የዳቦውን መኪና ይዞ መጥቶ ሊወስደው ተስማሙ፤ መኪናው ውስጥ ዱቄት እንጂ ሌላ ነገር አይነካውም ብሎ ማለላት።

ከመሄዳችን በፊት ደብተሯን አነሳች። የሞተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁሉም መስመር በቁጥር ተሞልቷል፤ ከታች አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነበር፣ «ድምፅ» የሚል። ስምንት ወር ሙሉ ባዶውን ያቆየችው ለዛሬ ነው። ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ ጽሑፏ ከያኔው አልተለወጠም፣ ቀጥ ያለ፣ የማይጣደፍ። «አራቱም ንጹሕ። የሰማው፦ ጆሮ።» ገጹን አዙራ አሳየችኝ።

እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰድኩ። «ጆሮ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። አጠገቡ እናቴ ያወጣችልኝን ስም፣ መታወቂያዬ ላይ ያለውን፣ ከነአባቴ ጻፍኩ። ከጎኑ «በጥርስ» ብዬ ጨመርኩ።

አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው መሰለኝ። «ስምዎ ይሄ ነው እንዴ?» አለች፣ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ።

ልመልስላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሁለት እርምጃ ዞሬ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ መስኮቱ ፊት ቆምኩ፣ ቀና ብላ እስክታየኝም ጠበቅኋት።

«አዎ» አልኳት። «ይሄ ነው።»